መንገድ የተመረቀለት ቡድን

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ባድሩን የማያውቅ ሰው ከተገኘ፣ ያ ሰው ገና አሁን ከደሴ ሚኒባስ የወረደ መሆን አለበት። ባድሩ ጠዋት ጠዋት ከአጥማጆች ቀረሶ ዓሣ ተረክቦ ሐይቁ ዳር ይሸጣል። ከሰዓት በኋላ ሰው ያስታርቃል፣ ለጎረቤት ልጅ ሚስት ይጠይቃል፣ የታመመ ይጎበኛል። እንጀራው ዓሣ ነው፤ ክብሩ ግን አንደበቱ ነበር። እጁን ዘርግቶ «ሸር ይራቃችሁ፣ ኸይር ይቅረባችሁ» ብሎ ሲጀምር አላፊ አግዳሚው ሳይቀር ቆሞ አሚን ይላል። ይህን አንደበት ከየት አመጣው ቢባል የሚመልስ የለም። ሸህ አይደለም፤ ትምህርቱም ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ በዓሣ ዋጋ ሲከራከርማ ያው አንደበት ሬት ነው ይላሉ የሚገዙት። ብቻ ሲመርቅ የሰው ሆድ ያባባል፤ ሰውም ለዚያ ይወደዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ባድሩ የሞገድ መራቂ ነበር። ሞገድ የሐይቅ እግር ኳስ ቡድን ነው፤ ነበር ማለት ይሻላል። ድሮ የአጥማጅ ልጆች ከመረብ መልስ የሚራገጡበት ቡድን ነበር፤ ባድሩም በጎረምሳነቱ በግራ ክንፍ ተሰልፎበታል። እሱ እንደሚያወራው ነፋስ ነበር፤ አብረውት የተጫወቱት ደግሞ ይህ ወሬ ሲነሳ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። ቡድኑ እያደገ ሄዶ ደመወዝ የሚከፈላቸው ተጫዋቾች ያሉት፣ በትልቁ ሊግ ስሙ የሚጠራ ክለብ ሆነ። አንድ ልማድ ግን አልተወም። የዓመቱ ውድድር ሊጀመር ሲል ተጫዋቾቹ በሙሉ ባድሩ ግቢ ይመጣሉ፤ ጎረቤቱም ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ይሰበሰባል፤ ምንጣፍ ይነጠፍና ወዳጃ ይደረጋል። አንዱ ይመርቃል፣ ሌላው እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል። ከሌላ አገር የመጣ አሰልጣኝ መጀመሪያ ሲያየው ይስቃል፤ ጥቂት ጨዋታ ከተሸነፈ በኋላ ግን ጫማውን አውልቆ ከሁሉ ቀድሞ ይቀመጣል። ቡድኑ ሲያሸንፍ የባድሩ ምርቃት ሠራ ይባላል። ሲሸነፍ ጥፋቱ የዳኛው ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ክለቡ ወገቡ ተቆርጦ ነበር። ያን ጊዜ አንድ የሩቅ አገር ፋብሪካ እኔ አቆመዋለሁ ብሎ መጣ፤ ማልያ አለበሰ፣ አውቶቡስ ሰጠ፣ የክለቡም ባለቤት ሆነ። ከተማው በደስታ ሰከረ። ሐይቃችንን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ሰው ቡድናችንን ምን አስወደደው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እዚህ አገር ስጦታን አገላብጦ ማየት ነውር ነው። ዘንድሮ ክረምት ላይ ግን ሹክሹክታ ተጀመረ። ሜዳው ለሊጉ አይመጥንም ተባለ፤ ፋብሪካው ቡድኑን ወደ ደጁ ሊወስደው ነው ተባለ፤ ከአዲስ አበባ ማዶ ወዳለ ከተማ፣ ስሙንም ማልያውንም ቀይሮ። ባድሩ ይህን ወሬ ሰምቷል። ዓሣ ሊገዛ የሚመጣ ሁሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ይህን ልብ በሉ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

መስከረም እንደገባ አብዱልሰመድ መጣ። አብዱልሰመድ የክለቡን ጉዳይ የሚያስፈጽመው የፋብሪካው ሰው ነው። ባዕድ እንዳይመስላችሁ፤ የአምባሰል ሰው ነው፣ የውጫሌ ልጅ። የአገሩን ወግ ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል፤ ፋብሪካውም እሱን የላከው አውቆ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አዳራሽ ገብቶ ወረቀት ዘርግቶ ከወጣቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ይውል ነበር። አብዱልሰመድ ግን ሙክቱን እየሳበ፣ ጫቱን ታቅፎ ቀጥታ ባድሩ ግቢ ገባ። የዘንድሮን ወዳጃ እኔ ላውጣ ብዬ ነው አለ። ባድሩ ደስ አለው። ሚስቱ ዑምኩልሱም ግን ወደ ጓዳ ጠራችውና፣ ተጫዋቾቹ በሌሉበት ወዳጃው የማን ነው፣ ይህ ሰው ምን ጉዳይ ይዞ ነው፣ ሙክቱ ሳይታረድ ጠይቀው አለችው። ባድሩ አፏን በእጁ ሊይዝ ምንም አልቀረው። እንግዳ ሳይበላ ጉዳዩን አይጠየቅም። ይህን የማያውቅ የወሎ ሰው የለም፤ አብዱልሰመድም ያውቃል።

ሙክቱ ታረደ፣ ጎረቤት ተጠራ። ለክርስቲያኖቹ እንደ ልማዱ ለብቻ ሽሮ ተሠራላቸው። ከእነሱ ፊት የመጣው ፈንታሁን ነው። ፈንታሁን ሐይቁ ዳር ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ነው፤ ባድሩ በግራ ክንፍ ሲሮጥ በዚያው ቡድን በረኛ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተለያይተው ጨዋታ አይተው አያውቁም። ያን ቀንም ከባድሩ ጎን ተቀመጠ። ተበልቶ እጅ ከታጠበ በኋላ አብዱልሰመድ ከባድሩ ፊት ተንበረከከ። ቡድኑ ሊያድግ ነው አለ፤ ሰፊ ሜዳ፣ ትልቅ ስም ሊያገኝ ነው አለ። የፋብሪካው ጌቶች ፊት ቀርቤ፣ ባድሩ ሳይመርቀው ይህ ቡድን ከደጁ አይንቀሳቀስም ብያቸዋለሁ አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አያ ባድሩ፣ ለመንገድ ነው። ለመንገድ ይመርቁልን።»

ባድሩ ወዲያው ገባው። ክረምቱን ሙሉ የሰማው ወሬ እንግዳ ሆኖ ከፊቱ ተንበርክኳል። የት ነው መንገዱ ብሎ መጠየቅ ነበረበት፤ ጥያቄው ምላሱ ላይ መጥቶም ነበር። ግን ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቷል። የሰውየው ሙክት ተበልቷል። እንግዳ ቤቱ ውስጥ ተንበርክኮ ምርቃት ሲለምነው እምቢ ያለ ሰው በአባቱም በአያቱም ዘመን አልተሰማም። እውነቱ ይነገር ከተባለ ደግሞ፣ ባድሩ ሳይመርቀው አይንቀሳቀስም የተባለችው ነገር ጣፍጣዋለች። ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ ሲሸጥ ስሙ ጌቶች ፊት ተነስቶ አያውቅም።

መረቀ። «የወጣችሁበት ይቅና፣ የተመኛችሁት ይሙላ፣ መንገዳችሁን አላህ ያብጀው» አለ። ሌላም ብዙ አለ፤ እንደዚያ ቀን አምሮለት አያውቅም። ሙስሊሙ አሚን አለ፣ ክርስቲያኑ አሜን አለ። ፈንታሁን አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ባድሩን አየውና እሱም አሜን አለ። አብዱልሰመድ የባድሩን ጉልበት ስሞ፣ ጫማውን አጥልቆ፣ መኪናው ውስጥ ገባ።

ዑምኩልሱም ምንጣፉን እያነሳች ባሏን ቀና ብላ አላየችውም። ፊትህን አይቼዋለሁ፣ ገብቶህ ነው የመረቅኸው አለችው። እንግዳ ነው፣ ምን ላድርግ አላት። «እንግዳ ወርቅ ነው ይባላል እንጂ ወርቅህን ስጠው አይባልም» አለችና ምንጣፉን ደጅ አውጥታ አራገፈች። ባድሩ ነገ ከነገ ወዲያ ለፈንታሁን እነግረዋለሁ ብሎ ራሱን አጽናና።

ነግሮትም ቢሆን መልካም ነበር። በማግስቱ ሽንኩርት ማሳው ድረስ ሄደ። ፈንታሁን ከቦዩ ውሃ እየመለሰ ነበር፤ ባድሩን ሲያይ ደስ ብሎት አካፋውን ጣለና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ ወገቡ አወራው። ባድሩ ስለ ትናንቱ ነገር ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ስለ ዓሣ አውርቶ ጨረሰ። ፈንታሁን ሲሸኘው አንድ ኩንታል ሊሞላ ምንም ያልቀረው ከረጢት ሽንኩርት ባጃጅ ላይ ጫነለት። ባድሩ እውነቱን ሊናገር ሄዶ ሽንኩርት ይዞ ተመለሰ።

የቡድኑ መሄድ ከዚያ ብዙ ሳይቆይ በይፋ ተነገረና ከተማው አበደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ስብሰባ ተጠራ፤ የከተማው አዳራሽ ሞልቶ በመስኮት የተንጠለጠለም ነበር። ወጣቱ ጮኸ፣ ሽማግሌው አለቀሰ፤ የከተማው ሰው ሳይስማማ ክለቡ ከዚህ አይነሳም የሚል ደንብ አለ ተባለ። አብዱልሰመድ ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቀና ተነሳ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ስምምነቱን የሰጣችሁን እናንተው ናችሁ አለ። በባድሩ ቤት ለመንገድ ተመርቀናል፣ ጎረቤቱ በሙሉ አሚን ብሏል፣ ሐሰት ነው የሚል ካለ ይነሳ አለ። ማንም አልተነሳም። አንገት ሁሉ ወደ ባድሩ ዞረ።

ከወጣቶቹ አንዱ ምርቃቱን ያንሱት አለ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ምርቃቱን መልሶ የሚወስድ ሰው ከእንግዲህ ማንን ምን ብሎ ይመርቃል? ወጣቱ እሺ እንግዲያው፣ ሲመርቁ ያውቁ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ባድሩ ተነሳ። እውነቱን ሊናገር ነበር የተነሳው፤ ሲነሳ ግን ያን ሁሉ ዓይን አየ።

«አላወቅሁም» አለ። «ለመንገድ መርቁን አሉኝ፣ መረቅሁ። እንግዳን የት ትሄዳለህ ይባላል?»

ፈንታሁን ከመካከል ተነስቶ ባርኔጣውን አወለቀ። «ይህ ሰው አውቆ ቢሆን ኖሮ ምላሱ አይታዘዘውም ነበር» አለ። «ግሸን ማርያምን፣ አላወቀም።» ፈንታሁን በየዓመቱ ግሸን የሚወጣ፣ በቀልድ እንኳ በማርያም የማይምል ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ የሚጠራጠር አልተገኘም። ሰዎች እየመጡ የባድሩን ትከሻ ነኩት። አብሽር፣ የዋህነትህን ነው የበሉት አሉት። ምስኪን አሉት። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። የበደልኸው ሰው ሲያዝንልህ ስድብ እንደሚናፍቅ ያወቀው ያን ቀን ነው።

ቡድኑ የሚሄድበት ቀን ባድሩ ዓሣውን ትቶ ቤቱ ዋለ። ረፋዱ ላይ ሰዑድ መጣ። ሰዑድ የቡድኑ አምበል ነው፤ የዚያው ሰፈር ልጅ፤ የጨርቅ ኳስ ሲጠልዝ ጀምሮ ባድሩ ራሱን እየዳሰሰ የመረቀው። ውሉ አስሮት ነው እንጂ መሄዱን አልወደደውም። ባድሩ ድምፁን ሲሰማ ጓዳ ገባና ለሚስቱ በእጁ የለም በይው አላት። ዑምኩልሱም ውጫሌ ገበያ ሄዷል አለችው። የባድሩ ጫማ በሩ ላይ ነበር፤ ሰዑድ ሳያየው አልቀረም። «በዱዓ አይርሱኝ ይበሉልኝ፣ እታለም» ብሎ ወጣ። ባድሩ ግድግዳ ተደግፎ ሁሉንም ሰማ። ሮጦ ሊወጣ ፈለገ፤ ግን ወጥቶ ምን ይበለው? መንገድህ ይቅና እንዳይለው፣ ያንኑማ ብሎታል። ጥቂት ቆይቶ አውቶቡሱ ጥሩምባውን እየነፋ አስፋልቱን ይዞ ወደ ደሴ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ባድሩ ሰው መሸሽ ጀመረ። ዓሣውን ቶሎ ሸጦ በጓሮ በኩል ይገባል። ለቅሶ ቤት መርቅ ሲሉት ጉሮሮዬን አሞኛል ይላል፤ ሰርግ ቤት ሲጠሩት ሌላ ሰው ይጠቁማል። ሰዉ ቡድኑን አጥቶ ነው፣ ኀዘኑ ነው አለና ይባስ ብሎ አዘነለት። ቡድኑ ደግሞ በአዲስ ስሙ፣ በአዲስ ከተማው ያሸንፍ ጀመር። ወሬው በሬዲዮ በመጣ ቁጥር ባድሩ ጆሮው ድረስ ይቃጠላል። ምርቃቱ ሠርቷል፤ ክፋቱ ይኸው ነበር። መንገዱ ቀንቷል፣ የተመኙት ሞልቷል። ድሮ ቢሆን ደረቱን ነፍቶ በከተማው ይዞርበት ነበር። አሁን ሬዲዮው ሲከፈት ተነስቶ ይወጣል። ፈንታሁን እሁድ እሁድ ፍየል በሚግጥበት ባዶ ሜዳ ሄዶ ከድሮ ቦታው ይቀመጣል ይባላል። ባድሩ ግን በዚያ በኩል ማለፉን ትቷል።

ኅዳር ላይ ፈንታሁን ራሱ መጣ። ልጁ ዝናው ከውጫሌ በላይ ካለ መንደር አንዲት ልጅ ወዷል። አባቷ ኩሩ ገበሬ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መልሷል። እሺ የሚያሰኘው አንተ ብቻ ነህ፣ ያለ አንተ ማን አለኝ አለው። ለበኩር ልጁ ሚስት የጠየቀለትም ባድሩ ነበር፤ ያኔ ክርስቲያኑ አባት ለሙስሊሙ ሽማግሌ ተነስቶ ቦታ ለቆለታል።

ባድሩ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ አልሄድም አለ። ፈንታሁን የሰማውን ማመን አቃተው፤ ምነው፣ ምን አጠፋሁ አለ። ባድሩም አንተ ምንም አላጠፋህም፣ ብቻ የእኔ አንደበት ከእንግዲህ ለልጅህ አይሆንም፣ ሌላ ሰው ፈልግ አለው። ፈንታሁን በልጅነታቸው ለመነው፤ ባድሩ እምቢ አለ። በልጁ በዝናው ለመነው፤ እምቢ አለ። ቤቱ ድረስ የመጣን ሰው ፊት ለፊት እንዲህ ደጋግሞ እምቢ ብሎ አያውቅም። 

ፈንታሁን ፊቱን አየው። ቁጣ አልነበረበትም።

«ያን ቀን ቢሆን ኖሮ» አለ፣ «ይህችን እምቢታ እንደ ወርቅ ነበር የምንቀበልህ።»

ባድሩ መጀመሪያ የሰማው ነገር አልገባውም። ሲገባው ዓይኑን ከመሬት አነሳ።

«አውቀህ ነበር?»

«ጎንህ ተቀምጬ! ያን ፊትህን እኔ ካላወቅሁት ማን ያውቀዋል?»

«ታዲያ ለምን አሜን አልህ?»

«አንተ ለምን መረቅህ?»

ባድሩን ግን አንድ ነገር አልዋጥ አለው። አዳራሽ ውስጥ በግሸን ማርያም ምለህልኛል አለው፤ በሐሰት።

«ምን ላድርግ? ሰው ሁሉ ያይህ ነበር» አለ ፈንታሁን። «እሱን እኔና እሷ እንነጋገርበታለን። አንተ እሁድ ጠዋት ልብስህን ለብሰህ ጠብቀኝ።» ከዚያ ከዘራውን ይዞ፣ ዑምኩልሱምን ተሰናብቶ ወጣ።

ባድሩ ከተቀመጠበት አልተነሳም። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ከዚያ መሐላ በኋላ፣ አገር ምድሩ በአውቶቡስ ወደ ግሸን ሲጎርፍ፣ ፈንታሁን ዘንድሮ ጉልበቴን አሞኛል ብሎ ከቤቱ መቅረቱን ሰምቶ ነበር። ያን ጊዜ እርጅና ነው ብሎ አልፎታል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ኀፍረቱን ብቻውን የተሸከመ ይመስለው ነበር።